የአንጓች ከል አልጠቁር አለ

ጥቁር የሚባለው ቀለም እንዲህ አስቸጋሪ ነው ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። በሌላው ቀለም ሰው ይጨነቃል፤ ቀዩ ደመቀ፣ ቢጫው ገረጣ ይባላል። ጥቁር ግን ምን ጣጣ አለው? ድስት ቂጥ ላይ በነጻ ይገኛል። እኔ እንደዚያ ነበር የማስበው። ዘንድሮ በበጋ ነው ጥቁር ማለት ተለምኖ እንኳ የማይመጣ፣ ሲመጣም እየኮራ የሚመጣ ነገር መሆኑን የተማርሁት።

ቆይ፣ ከመጀመሪያው ልጀምር። ከመሐል እየገባሽ ሰው ታደናግሪያለሽ ይሉኛል። እኔ ፊደል አልቆጠርሁም። ይህንንም እኔ እያወራሁ የምትጽፈው የልጅ ልጄ ሰብለ ናት። ስለ ራሷ የተጻፈውን አሳምራው ይሆናል፤ እዚያ እዚያ ላይ እናንተ ትንሽ ቀነስ አድርጋችሁ አንብቡት።

ሰብለ እዚሁ ደብረ ማርቆስ የኬሚስትሪ አስተማሪ ናት። ከእኔ ጋር ነው የምትኖረው። የእሷ እኩያ ሁሉ ፎቶ በስልኩ አንስቶ በስልኩ ሲያይ፣ የእኔዋ አዲስ አበባ ለሥልጠና ሄዳ አንድ የጥንት የፎቶ አሠራር ተምራ መጣች። ካሜራው ሣጥን ነው። ሦስት እግር አለው። ሰብለ ጥቁር ጨርቅ ተከናንባ ከኋላው ትገባለች፤ እዚያ ውስጥ ሰውየው ተዘቅዝቆ ነው የሚታየው አለችኝ። ተዘቅዝቄ ልታይ? አልኋትና ለብዙ ጊዜ አልነሳም ብዬ ነበር።

ፎቶው ደግሞ ከማሽን አይወጣም። ወረቀት ላይ በብሩሽ መድኃኒት ትቀባለች። በጨለማ ክፍል ታደርቀዋለች። ነጋቲቩን፣ ያንን ጥቁሩ ነጭ፣ ነጩ ጥቁር ሆኖ የሚወጣበትን ፊልም፣ ከላይ ታነጥፍና መስታወት ጭናበት ግቢ ውስጥ ፀሐይ ላይ ታሰጣዋለች፤ ልክ እንደ በርበሬ። ከፀሐይ ሲነሳ ወረቀቱ ላይ ያለው የደበዘዘ ጥላ ብቻ ነው። ከዚያ ሞቅ ያለ ሌላ መድኃኒት ስታፈስበት፣ ያ ጥላ በአንድ ጊዜ ሰው ይሆናል። መጀመሪያ ያየሁ ዕለት አማትቤአለሁ፤ ምን እዋሻለሁ።

የመድኃኒቱ ስም ፓላዲየም ነው። ፕላቲነም የሚባልም ጠብ ይደረግበታል። ምንድን ናቸው ብላት ከወርቅ ወገን የሆኑ ማዕድናት ናቸው አለች። ወርቅ ነው እንዴ ወረቀት ላይ የምትቀቢው? ብዬ ጮህሁ። በጠብታ ነው እምዬ፣ አትደንግጪ አለችኝ። ብረት ያለበት ሌላ ውሃም ይቀላቀልበታል። ፀሐይዋ የምትቀሰቅሰው ብረቱን ነው፣ ማዕድኑን ወረቀቱ ላይ የሚያስቀምጠው ደግሞ ብረቱ ነው አለች። ሁሉም አልገባኝም። የገባኝ አንድ ነገር ነው፤ እንዲህ የታተመ ፎቶ ወረቀቱ እስካለ ድረስ አይደበዝዝም።

ይህን ነገር ነው አንጓች የሰማችው።

አንጓች ጎረቤቴ ናት፤ አጥራችን አንድ ነው። በዕድሜ ስለምበልጣት እታለም ነው የምትለኝ። ስድስት ዓመት ሙሉ ከል ለብሳለች። አንድ ወንድ ልጅ ነበራት፤ ታሞ ሦስት ቀን ሳይሞላው ሞተባት። ከዚያ ወዲህ ቀሚሷ ጥቁር፣ ነጠላዋ ጥቁር፣ እስከ ግንባሯ የምታስረው ሻሽ ጥቁር። በእኛ አገር ሐዘንተኛ ከሉን በገዛ እጁ አያወልቅም። ዘመድ ነጭ ልብስ ይዞ ይመጣል፤ ይመክራል፣ ይለምናል፣ ከዚያ ነው የሚያለብሰው። የአንጓች ወንድም አያ ደምሴ ከጉንደ ወይን ሁለት ጊዜ ነጭ ቀሚስ ይዞ መጣ፤ ሁለት ጊዜ ይዞት ተመለሰ። አንደኛው ጊዜማ እግሯ ላይ ወደቀ። ያን የሚያህል ትልቅ ሰው! «ተነስ ደምሴ፣ ሱሪህ ቆሸሸ» ብላው ወደ ጓዳ ገባች።

ለምን እንደማታወልቅ ለእኔ ብቻ ነግራኛለች። ግድግዳዋ ላይ የልጇ ፎቶ አለ፤ እዚሁ ከተማ ፎቶ ቤት የተነሳው። መስኮቱ ትይዩ ሰቅላው ፀሐይ ሲመታው ከረመ። መጀመሪያ ፊቱ ቀላ፣ ቀጥሎ ቢጫ ሆነ፣ አሁን ከሸሚዙ ኮሌታ በቀር ምኑም አይለይ። «እታለም፣ ፎቶው እንኳ ትቶት ሄደ። እኔም ይህን ካወለቅሁ ልጄ ማን ቀረለት?» አለችኝ። ሽንኩርት ስልጥ ነበር፤ መላጡን ቀጠልሁ። ሽንኩርት አንዳንዴ ይጠቅማል፤ ለምን እንደምታለቅሱ ማንም አይጠይቃችሁም።

እንግዲህ የሰብለ ፎቶ አይደበዝዝም ሲባል ሰማችና በነጋታው መጣች። ቁጭ አለች። ውሃ እንኳ አልቀመሰችም። «ሰብለ፣ ከነከሌ አንሽኝ» አለች። «ጥቁሩ እዚያ ወረቀት ላይ ከቀረ፣ እኔ እዚህ አወልቀዋለሁ። ፎቶዬ ያዝንልኝ።»

ሰብለ ዓይኗ እንባ አቀረረ። እኔ ግን ለእንባ ጊዜ አልነበረኝም። ሐሳቧን ሳትለውጥ ብዬ ወዲያው ለአያ ደምሴ አስደወልሁ። ከሁለት ሳምንት በኋላ እሑድ እመጣለሁ አለ። ደግሞም አለ፣ «ዘንድሮ ቀሚሱን ይዤው ከተመለስሁ ለሌላ ሰው ነው የምሰጠው። እኔም ሰው ነኝ፤ ደክሞኛል።»

ማንሳቱ ቀላል ነበር። አንጓች ግቢያችን ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀመጠች። ሣቂ ቢሏት አትሥቅ፣ አትሣቂ ቢሏት አትሥቅ፤ እንዲህ ያለ ተነሺ ለሰብለ ካሜራ ተስማሚ ነው። ችግሩ የመጣው ሲታተም ነው። ሰብለ የቀራት መድኃኒት ለአምስት ወረቀት ብቻ የሚበቃ ነበር። ሌላ ለማስመጣት አዲስ አበባ ያለችው መምህርቷ ከውጭ የሚመጣ ሰው መጠበቅ አለባት፤ መቼ እንደሚመጣ እግዜር ይወቅ። አምስት ይበቃናል፣ አንዱን እንኳ ማሳመር ያቅተኛል እንዴ? አለች ሰብለ። ወጣት ስትሆኑ አምስት ብዙ ነው።

የመጀመሪያው ወጣ። ፊቷ ቁጭ፤ የዓይኗ ሥር መጨማደድ ሳይቀር። የእጇ ጅማት እንኳ ይታያል። ከሉ ግን... ምን ልበላችሁ? አመድ። ማለዳ ምድጃ ውስጥ የሚገኘው ዓይነት። አንጓች ፎቶውን ተቀበለች፣ የቀሚሷን እጅጌ ጎተተችና ከጎኑ አኖረችው። አንዴ እጅጌውን፣ አንዴ ፎቶውን አየች።

«ይህችኛዋ የማንን ልጅ ነው የምታዝነው?» አለች። «የጎረቤት ነው? ይህ ከል አይደለም ሰብለ። ይህ ለቅሶ ደርሶ የሚመለስ ሰው ነው።»

ከዚያ ዕለት ጀምሮ ያ እጅጌ ዳኛችን ሆነ።

ሰብለ ተስፋ አልቆረጠችም። በመጀመሪያ የጠረጠረችው ፀሐይዋን ነው። ጥቂት ቆይቶ ይሆናል ብላ ሁለተኛውን ወረቀት ቀድሞ ከቆየው እጥፍ አሰጣችው። ጥቁሩ አልጨመረም፤ ይልቁንስ ነጩ ቆሸሸ። አሁን ሐዘንተኛዋም ከኋላዋ ያለው ግድግዳም አንድ መልክ ሆኑ። ቀጥላ ብረት ያለበትን ውሃ ጠረጠረች። ይህ መድኃኒት ከቆየ፣ ብርሃንም ካየ ይሞታል አለች። ስለዚህ ከዱቄቱ አዲስ በጠበጠች። ለዚያ ቀን ሙሉ ጠበቅን። ሦስተኛው ወጣ፤ አመድ። ወረቀቱን ጠረጠረች። ፋብሪካው ውስጡ የኖራ ዓይነት ነገር ይጨምርበታል፣ ኖራው ደግሞ መድኃኒቱን ያበላሻል ብላ ያልተቀቡትን ወረቀቶች ኮምጣጣ ውሃ ውስጥ ነከረቻቸው፤ አጠበች፣ አደረቀች። እኔ ምን አልሁ? ሎሚ ጨምቄ ልርዳሽ አልሁ። አሥቃታለሁ ብዬ ነው፤ አልሣቀችም።

በዚህ መሐል ይጁቤ የምትኖር የአክስቴ ልጅ ባሏ ሞተና ለቅሶ ሄድሁ። ሁለት ቀን አድሬ ስመለስ ሰብለ በሩ ላይ ጠብቃ አቀፈችኝ። ወጣልኝ! ትላለች። ምንድን ነው የወጣልሽ? ስላት ጣት የምታህል ቁራጭ ወረቀት አሳየችኝ። ሙሉ ወረቀት ላለማባከን በትንሽ ቁራጭ ነበር የሞከረችው፤ የአንጓችን እጅጌ ብቻ ነው ያተመችው። እሱን ልንገራችሁ፣ ጠቁሮ፣ ጠቁሮ፣ ልዳስሰው ብዬ እጄን ሰደድሁ። የጥቁር አዝሙድ ፍሬ የመሰለ ጥልቅ ጥቁር። አንጓችም አይታው እንከን አላወጣችለትም፤ ከአንጓች ይህ እሺ ማለት ነው። ኮምጣጣው ውሃ ነው ያዳነኝ አለች ሰብለ።

በነጋታው በዚያው ወረቀት፣ በዚያው መድኃኒት፣ በዚያው ፀሐይ አራተኛውን አተመች።

አመድ።

ያን ዕለት ሰብለ ደረጃው ላይ ተቀመጠችና ተማሪዎቼን ምን ብዬ ነው የማስተምረው አለች። አንጓች በአጥሩ ክፍተት አየችን። ነገሩን ሰምታ ወደ እኔ ዞረች። «እታለም፣ አንቺ ስትሄጂ ይጠቁራል፣ ስትመጪ ይገረጣል። እስቲ ዓይንሽን ከወረቀቱ ላይ አንሺ!» አለችኝ። ቀልዷን ነው፤ ግን ግማሹን የምሯን ነው። እኔ ቡዳ ነኝ እንዴ? ሰባት ልጅ ያሳደገ ዓይን፣ የጎረቤት በግ ስትወልድ አይቶ ምንም ያላደረገ ዓይን፣ አሁን በወረቀት ይታማል?

ሰብለ ግን ቀና አለች። እንዳስተማሪ አየችኝ። ልጆቿ ፈተና ላይ ሲኮርጁ እንደምታያቸው ይመስለኛል።

«እምዬ፣ ወረቀቱን ቀብቼ ለማድረቅ ጨለማው ክፍል ትቼው ስወጣ፣ አንቺ ምን ትሠሪያለሽ?»

«ምንም።»

«ምንም ማለት?»

«ምንም ነዋ። ትንሽ ከሰል ነው የማስገባልሽ።»

ልጅቱ አፏን ከፍታ ቀረች። እኔ ደግሞ ምስጋና የሚመጣ መስሎኝ ነበር።

እስቲ እናንተ ፍረዱኝ። እኔ የተወለድሁት ሮብ ገበያ አጠገብ፣ የጮቄ ተራራ ጉም ቤት ድረስ በሚገባበት አገር ነው። እዚያ ወረቀት ካልጠበቁት ይሻግታል። የክርስትና ወረቀት፣ የመሬት ደብተር፣ ከፍርድ ቤት የተጻፈ ደብዳቤ፣ ሁሉም በጨርቅ ተጠቅልሎ ከምድጃው በላይ ጣራው ሥር ይሰቀላል፤ ጭስና ሙቀት እንዲጠብቀው። ማንበብ የሚችል ሰው ወረቀት ቢበላሽበት የተጻፈውን ያስታውሳል። የማይችል ሰው ምን ያስታውሳል? ወረቀቱ ራሱ ነው ያለው። አንድ ክረምት ጣራው አፍስሶ የመሬት ደብተራችን ርሶብን ባሌና እኔ ቢሮ ለቢሮ ስንንከራተት ከረምን። ከዚያ ወዲህ እርጥብ ወረቀት ካየሁ ሕፃን ውሃ ውስጥ የወደቀ ያህል ነው የሚያስደነግጠኝ። እና ሰብለ የምትጨነቅበትን ወረቀት በመድኃኒት አርሳ ብርድ ክፍል ውስጥ ጥላው ስትሄድ ዝም ልበል? ቀስ ብዬ እገባለሁ፤ የከሰል ምድጃውን ከሥሩ አደርጋለሁ፤ ኩርምት እስኪል፣ ሲነኩት ኮሽ እስኪል ድረስ አደርቀዋለሁ። ከዚያ ምድጃዬን ይዤ እወጣለሁ። ለማንም አልነገርሁም። መልካም ሥራ በስውር ነው ብዬ!

ይጁቤ የሄድሁ ጊዜ ከሰሉ አልገባም። እሷም ደግሞ እኔ የለሁም ብላ የክፍሉን ወለል በባልዲ ውሃ ሙልጭ አድርጋ አጥባው ነበር። ቁራጭዋ ወረቀት የደረቀችው በዚያ እርጥብ አየር ነው። ያዳናት ኮምጣጣው ውሃ አልነበረም፤ የብረቱ ውሃም፣ ፀሐይዋም ጥፋተኛ አልነበሩም።

ሰብለ ሁለት ነገር ነገረችኝ። አንደኛው፣ ዝግ ክፍል ውስጥ ከሰል ማስገባት ሰው ይገድላል፤ ሁለተኛ እንዳታደርጊው አለች። ተቀበልሁ። ሁለተኛው፣ ወረቀቱ ጨርሶ መድረቅ የለበትም፤ በውስጡ ትንሽ ርጥበት ከሌለ መድኃኒቱ ሥራውን በሙሉ አይሠራም፣ ጥቁሩም ከግማሽ መንገድ ይቀራል። በበጋ የማርቆስ አየር ራሱ ደረቅ ነው፤ አንቺ ደግሞ ጨመርሽበት አለች።

ይህን ስሰማ ምን እንደሆንሁ ታውቃላችሁ? አፈርሁ። በከሰሉ አይደለም ያፈርሁት። እኔ እኮ በልጅነቴ ከእናቴ ጋር የመንደሩን ከል ስነክር ያደግሁ ሰው ነኝ! ሰው ሲሞት ቀሚሱ፣ ነጠላው ወደ እኛ ቤት ነበር የሚመጣው። እናቴ መጀመሪያ የምታስተምረኝ ነገር ምን ነበር? ጨርቁን ደረቁን እንዳልጨምረው። ደረቅ ጨርቅ ማቅለሚያው ውስጥ ከገባ እዚህ ይይዛል፣ እዚያ ይተዋል፤ ዥጉርጉር ይሆናል። አስቀድሞ በውሃ ይርሳል፣ ይጨመቃል፣ ጠብታው ሲቆም፣ ገና ቀዝቀዝ እንዳለ ይገባል። ያን ጊዜ ጥቁሩን ይጠጣዋል። ይህን ሁሉ የማውቅ ሴት፣ ወረቀት ሲሆንብኝ ዕውቀቴን ውጭ ትቼ ገባሁ። ለምን? ወረቀት የተማረ ሰው ዕቃ ነው፤ የእኔ ዕውቀት አይነካውም ብዬ።

ለሰብለ ስነግራት እሷም ሣቀች። እኔም እኮ ከቤቴ የከል ነካሪ ልጅ ተቀምጣ መጽሐፍ ሳገላብጥ ሰነበትሁ አለች። አንዳችን ሌላችንን አልጠየቅንም፤ ይኸው ነው።

የቀረን አንድ ወረቀት ነበር። ቀኑ ቅዳሜ ነው። አያ ደምሴ በነጋታው ይገባል።

ሰብለ ቀባች። ላዩ ማንጸባረቁን ሲተው ወደ እኔ አመጣችው። እኔ ትልቁን የልብስ ማጠቢያ ሣፋ አዘጋጅቼ ነበር። ሥሩ ላይ የረጠበ አሮጌ አንሶላ፣ ከአንሶላው በላይ ወንፊት፣ ወረቀቱ ወንፊቱ ላይ፤ ውሃውን እንዳይነካ። ከላይ ክዳን። ከዚያ ሁለታችን በጨለማ ቁጭ ብለን ጠበቅን። መቼ ነው የሚበቃው? አለችኝ። በሰዓት አይደለም አልኋት። የጆሮሽን ጫፍ ንኪ፤ ለስለስ፣ ቀዝቀዝ ያለ፣ ግን የማያርስ ነው? ወረቀቱም እንደዚያ ሲሆን ነው። ከል ስንነክር እናቴ ጨርቁን የምትለካው በዚህ ነበር። ሰብለ በአንድ እጇ ጆሮዋን፣ በአንድ እጇ የወረቀቱን ጠርዝ ይዛ ስታመዛዝን ተማሪዎቿ ባዩዋት! ደረሰ ስላት ነጋቲቩ እንዳይጣበቅበት ስስ ፕላስቲክ አነጠፈች፤ መስታወቱን ጭና ወደ ቀትር ፀሐይ ወጣች።

ከፀሐይ ሲነሳ ገና ከወዲሁ ሌላ ነው። በፊት የደበዘዘ ጥላ ብቻ ነበር የሚታየው፤ አሁን ግን አንጓች መድኃኒቱ ሳይፈስባት ግማሽ መንገድ መጥታ ጠበቀችን። ሰብለ የሞቀውን መድኃኒት በአንድ ጊዜ ለቀቀችው። እኔ ዓይኔን ጨፈንሁ፤ እንዳያሙኝ። ስከፍተው ከሉ ጠቁሯል። የቀሚሱ እጥፋት ሁሉ አለ፤ እጥፋቱ ውስጥ ደግሞ ከጥቁር የጠቆረ አለ።

ሰብለ ግን ገና አትደሰቺ አለችኝ። እርጥብ ሳለ ሁሉም ጥቁር ያምራል፤ ሲደርቅ ትንሽ ወደ ኋላ ይመለሳል። ከመድኃኒቱ ወረቀቱ ላይ የቀረውን ቢጫ በኮምጣጣ ውሃ ሦስት ጊዜ አወጣች፣ ለረጅም ጊዜ አጠበች፣ ዘርግታ ተወችው። ከዚያ እኔን ከዚያ ክፍል አስወጥታ ቁልፉን ኪሷ ከተተችው። በገዛ ቤቴ! አልተቀየምሁም። እኔም ብሆን እኔን አላምነኝም ነበር።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ አያ ደምሴ መጣ። ቀሚሱን በፌስታል አድርጎ ከኋላው ደብቆታል፤ ሁለት ጊዜ የተመለሰ ሰው ዕቃውን እንዲህ ነው የሚይዘው። አንጓች በርጩማዋ ላይ ተቀመጠች። ሰብለ ፎቶውን ሰጠቻት። አንጓች የቀሚሷን እጅጌ ጎተተችና ከጎኑ አኖረችው።

ሁላችንም አጎነበስን። አየን። እጅጌው አመድ ነበር።

ስድስት ዓመት የታጠበ፣ ስድስት ዓመት ፀሐይ ላይ የተሰጣ ጥቁር ምን ይሆናል? ቀልቷል፣ ሣስቷል፤ ክርኑ ላይማ ቡናማ ነው። ከዚያ ሁሉ ደብዛዛ ወረቀት ጎን ሲቀመጥ ጥቁር መስሎን ነው እንጂ። አንጓች እጅጌዋን ዘረጋች፤ መልሳ ሰበሰበችው። አያ ደምሴ ሊናገር ሲል በክርኔ ጎሰምሁት።

«እሷ ከእኔ ይልቅ አዝናለታለች» አለች አንጓች በመጨረሻ። ፎቶዋን ነው። «እኔ ላይ ያለቀው መች እንደሆነ አላየሁትም።» ከዚያ ቀና አለችና ወንድሟን አየችው። «ምን ቆመህ ታየኛለህ? የያዝኸውን አምጣው እንጂ።»

ያ ትልቅ ሰው ፌስታሉን መፍታት አቅቶት በጥርሱ ቀደደው።

እዚህ ላይ ብጨርስ ጥሩ ነበር። ቁምነገሩ እኔንም ከፍ ያደርገኛል፤ ያልተማረች አሮጊት የተማረችውን አስተማረች ተብሎ ይወራልኛል። ተወርቶልኛልም፤ ራሴ ነኝ ያስወራሁት። ከዚያ ወዲህ ሰብለ ወረቀት ቀብታ ሳታማክረኝ አትንቀሳቀስም ስል ነበር የሰነበትሁ። ውሸት ነው፤ ግን ደስ ይላል።

ታዲያ የሰብለ መምህርት ሌላ መድኃኒት ላከችላት። አንጓች በነጭ ልብሷ መነሳት ፈለገች። የተነሳች ዕለት እኔ የማርያም ማኅበር ነበረብኝና አላየሁም። ስመለስ ፎቶው ታትሞ፣ ደርቆ፣ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። አንጓችም ልታየው መጥታ አጠገቡ ቁጭ ብላለች። ነጠላዋን ተከናንባለች፤ ነጭ ነጠላ። እኔ ፎቶውን አነሳሁ። ወደ መስኮቱ ጠጋ አልሁ። ራቅ አድርጌ፣ ቀረብ አድርጌ መረመርሁት፤ ባለሙያ እንደዚያ ነው።

ቀሚሱ ያምራል። በፎቶው ላይ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ፣ ራሷን ገልጣ፣ ሹሩባ ተሠርታ ነው። ከኋላዋ ያለው በር ጥቁር ነው፤ ማተቧም ጥቁር ነው። ጸጉሯ ግን... አመድ! ጠርዝ ጠርዙማ ጭራሽ ነጭ። ብልጭ አለብኝ። ሰብለን ጠራኋት። ይኸው አልሁ፤ አንድ ቀን ብሄድ! እዚህ ይዟል፣ እዚህ ትቷል፣ ዥጉርጉር ሆኗል። ወረቀቱን አላረጠብሽውም። ወይ ከላይ በኩል ብቻ ደርቆብሻል። ጆሮሽን ነካሽ? አልነካሽም! መድኃኒት ከወርቅ ወገን ነው እያልሽ እንዲህ ታባክኛለሽ? አልኋት። ሰብለ ከንፈሯን ነክሳ መሬት መሬት ታያለች። አልመልስ ስትለኝ ጥፋቷን ያመነች መሰለኝና ጭራሽ ስለ እናቴ አነካከር ከሥሩ ጀመርሁላት።

አንጓች ነጠላዋን ከራሷ ላይ ቀስ ብላ አወረደችው።

«እታለም» አለች፣ «ልጅቱን አትቆጫት። ጸጉሬ ነው።»

ከዚያ አንድ ሣቅ ሰማሁ። ስድስት ዓመት አንጓች ስትሥቅ ሰምቼ አላውቅም ነበርና፣ ማን እንግዳ መጣብን ብዬ ወደ በሩ ዞርሁ።